ጤናማ እርጅናን ማን ይግዛው?

የ48 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ማለዳ ከአልጋው ሊነሳ ሲል ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት እንበል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ስትሮክ ነው ይባላል። መንስኤው ለዓመታት ሳይለካና ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ከዚህ ቀን በኋላ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ እንከተል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲከፍል ያዛል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት የሕመም ፈቃድ ቢሆኑም ክፍያ የላቸውም። በስድስተኛው ወር መጨረሻ የአሠሪው ድርሻ ያበቃል። ሠራተኛው ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ካለውና መሥራት አለመቻሉ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠ ጡረታ ይኖረዋል፤ ከሌለው የለውም።

የቀረውን የሚሸከመው ቤቱ ነው። ሚስት ሱቋን ዘግታ ታስታምማለች። ልጅ ትምህርቷን ታቋርጣለች። የዕቁብ ዳኛው ዕጣው አስቀድሞ እንዲሰጣቸው ይለመናል። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች እህት ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመችውን ትልካለች። ይህ ሁሉ ወጪ በየትኛውም የመንግሥት በጀት ወይም የኩባንያ ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

በሽታን መከላከል በአገራችን ገንዘብ የማያገኝበትን ዋና ምክንያት የማየው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በተመረጡ እርምጃዎች ላይ የሚያውሉት 1 ዶላር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ቢያንስ 7 ዶላር ይመልሳል። ይህን ቁጥር በየዐውደ ጥናቱ እንሰማዋለን፤ ጭብጨባውም አይቀርም። ሰባቱ ዶላር በማን ኪስ እንደሚገባ ግን ማንም አይጠይቅም። አንዱን ዶላር እንዲያወጣ የሚጠየቀው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ ሰባቱን የሚቀበሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ። ትርፉ ለሌላ የሚገባ ኢንቨስትመንት ከፋይ ቢያጣ አይገርምም።

«ወጣት አገር ይዘን ስለ እርጅና ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ቁጥሩም የሚያድገው በራሳችን ስኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 68 ወረደ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ክትባቱና የወባ አጎበሩ ያተረፏቸው ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ሥርዓቱ የተገነባው ሕፃንና እናት ለማዳን ነበር፤ ያዳነውን አድኖ ልጆቹ ጎረመሱበት። አሁን በአገሪቱ ከሚደርሰው ሞት 40 ከመቶ ገደማውን የሚይዙት የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳር፣ ካንሰርና መሰሎቻቸው ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት መካከል 16 ከመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። «ይህ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው ጨዋታም ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ተመራማሪዎቹን ባስገረመ ፍጥነት ተስፋፋባቸው። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፣ የተለወጠው ምግቡ፣ ሥራውና እንቅስቃሴው ነው። ያ ለውጥ ዛሬ አውሮፕላን አያስፈልገውም፤ ከወረዳ ከተማ ወደ አዲስ አበባ መግባት ይበቃል።

ታዲያ መከላከል ሲባል ምን ማለታችን ነው? እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ምክር ማለት ሆኗል፦ ስፖርት ሥሩ፣ ጨው ቀንሱ፣ አትክልት ብሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም በወር አንድ እሑድ መኪና የማይሄድበት አስፋልት ሌሎቹን ቀናት የእግረኛ መንገድ አይሆንም። ምክር ርካሽ ነው፤ ውጤቱም በዋጋው ልክ ነው።

ፊንላንድ በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን ካሬሊያ ግዛት በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም ያልቁ ነበር። ፔካ ፑስካ የተባለው ወጣት ሐኪም የመራው ፕሮጀክት ሰውን ከመምከር አልፎ ገበያው ውስጥ ገባ። ግዛቱ ወተትና ቅቤ አምራች በመሆኑ ተቃውሞው ከገበሬውና ከወተት ድርጅቶች መጣ። መልሱ ለገበሬው ሌላ ገቢ መፈለግ ነበር፤ አየሩ የሚስማማው እንጆሪና መሰል ፍሬ እንዲያለማ ተደገፈ። ጎመን ዘር መሳይ የቅባት እህል በፊንላንድ አየር እንዲበቅል ተደርጎ ቅቤው በምግብ ዘይት ተተካ። በ40 ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ የግዛቱ ወንዶች የልብ ሕመም ሞት ከ80 ከመቶ በላይ ቀነሰ። በሐኪም የተመራ የግብርናና የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ነበር ማለት ይቻላል።

የእኛ ቅቤ ጨው ነው። ያው የ2007ቱ ጥናት የአንድ ሰው አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8 ግራም ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ይላል። በአውሮፓ ጨው የሚመጣው በብዛት ከፋብሪካ ምግብ ስለሆነ መንግሥት ጥቂት ኩባንያዎችን ጠርቶ መደራደር ይችላል። እኛ ዘንድ በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባል፣ ሽሮው ሳይፈጭ ጨው ይገባል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ባለሙያዋ ቀምሳ ትጨምራለች። ሚሊዮን ወጥ ቤት ውስጥ ገብቶ መቆጣጠር አይቻልም።

የሚቻልባቸው በሮች ግን አሉ። አዮዲን ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ በሕግ ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት ወደ 90 ተጠጋ። እናቶች ስለ አዮዲን ስለተማሩ አይደለም፤ የአገሪቱ ጨው በብዛት ከአፍዴራና ከጥቂት ቦታዎች ስለሚወጣ፣ ምንጩ ላይ ስለተሠራ ነው። ዛሬ ከተማው ውስጥ የሚበላው ዳቦ እየበዛ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ብቻ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ የመጋገር አቅም ይዞ ነው የተነሳው። የታሸገ በርበሬና ሽሮም የሱፐርማርኬት ሸቀጥ ሆኗል። በዳቦና በታሸገ ባልትና ላይ የጨው ጣሪያ ማስቀመጥ ለመንግሥት ከደረጃ ማውጣትና ከናሙና ፍተሻ የዘለለ ወጪ የለውም። ጨዉ ቀስ በቀስ ከተቀነሰ ደንበኛው አያውቀውም፤ እንግሊዞች ይህን አድርገው አይተውታል።

ሁለተኛው በር ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 ከመቶ፣ በዚያም ላይ በፓኬት 8 ብር ጣለ። የቁርጥ ብሩ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ርካሹን ሲጋራ የበለጠ ይመታል። ድክመቱ የዋጋ ንረት ነው። በየዓመቱ የማይስተካከል 8 ብር፣ ንረቱ 30 ከመቶ ደርሶ በነበረበት አገር ሳይሻር ይሻራል። በሌላ በኩል ያለውን ባለሀብት ተመልከቱ። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶ ድርሻ ለመግዛት 510 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በቀጣዩ ዓመት 434 ሚሊዮን ጨምሮ ድርሻውን ከ70 ከመቶ በላይ አደረሰ። በዚያን ጊዜ ከአዋቂው ሕዝብ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 ከመቶ ገደማ ነበር። በኔ ግምት ያ ሁሉ ዶላር የተከፈለው ለአምስቱ ብቻ አልነበረም። ሲጋራ ነገ የሚያስገባው ገንዘብ ስለሚታወቅ ዛሬ ገዢ አለው፤ ያልታመመ ሳንባ ገቢ የሚያስገባለት ድርጅት ስለሌለ ገዢ የለውም።

እንግዲህ ጥያቄው ገዢ መፍጠር ነው። ማን ይሁን? የመጀመሪያው እጩ ሳይታሰብ የቀረው የጡረታ ፈንዱ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው በ48 ዓመቱ ከሥራ ቢወጣ፣ ደመወዙ ምንም ባያድግ እንኳ እስከ 60 ዓመቱ ፈንዱ የሚያጣው መዋጮ 259,200 ብር ነው፤ በዚያ ላይ የጤና ጉድለት ጡረታው 12 ዓመት ቀድሞ መከፈል ይጀምራል። አንድ የማይመች እውነትም እዚህ አለ፦ ጡረተኛ በ61 ዓመቱ ቢሞት ለፈንዱ ሒሳብ ይቀለዋል። ስለዚህ የፈንዱ ጥቅም ከሰውዬው ጥቅም ጋር የሚገጥመው ከ60 ዓመት በታች ነው። ደግነቱ ግፊትን ለመቆጣጠር ዋናው ጊዜም ያው ነው።

ሁለተኛው እጩ የጤና መድን ነው። ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ 30 ከመቶ ገደማው ከታካሚው ኪስ የሚወጣ ነው፤ ሲሶ ያህሉን ደግሞ የውጭ ረጂዎች ይሸፍናሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በአብዛኛው አገር ተስፋፍቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። አባልነቱ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው፣ ሒሳቡም እንደዚያው። ዘንድሮ ለአንድ አባል ግፊት መድኃኒት ያወጣ ወረዳ፣ የቀረለትን ስትሮክ በዘንድሮ ሪፖርቱ አያየውም። የሚያየው መድኃኒት ቤቱ ባዶ ሲሆን አባሉ ከግል ፋርማሲ ገዝቶ ሲያማርር ነው። ግፊት ያለበት ሰው በዓመት 12 ጊዜ መድኃኒት ሊወስድ ይመላለሳል፤ የገጠሩ ሰው ትራንስፖርቱና የሚቃጠለው ቀን ከመድኃኒቱ ሊበልጥበት ይችላል። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ይተወዋል።

የዕድሜ ልክ መድኃኒት የማዳረስን መንገድ ግን ቀድመን ሄደንበታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ሲሰጥ፣ ድሃ አገር የዕድሜ ልክ ሕክምና ማስተዳደር አይችልም የሚሉ ነበሩ። ቻልን። መዝገብ ተያዘ፣ የቀረ ታካሚ በስልክና በአካል ተፈለገ፣ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ ተደረገ። አምሎዲፒንና መሰል የግፊት ክኒኖች የፈጠራ መብታቸው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ከተደረገ በኋላ እንኳ ከውጭ ከሚገቡት ርካሾቹ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ኤችአይቪ ከዋሽንግተንና ከጄኔቫ የሚከፍል ገዢ ነበረው፤ ግፊት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ያ ገዢም ዘላለማዊ እንዳልሆነ አየን።

ሦስተኛው እጩ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ከነማስፈጸሚያ ደንቡ ከደመወዝተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው 3 ከመቶ እንዲሰበሰብ ይላል። ሠራተኛው ስላልተቀበለው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ተቃውሞው ይገባኛል። ደመወዙ በንረት የተበላ መምህር፣ መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ ለመታከም 3 ከመቶ አይሰጥም። አዋጁ ዳግም ከተነሳ በትልቅ ሆስፒታል ተስፋ ባይጀምር ይሻለዋል። ዕድሜው 40 የሞላ አባል ሁሉ በሥራ ቦታው ግፊቱና ስኳሩ በዓመት አንዴ ይለካ፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው የሦስት ወር ክኒን ሳይመላለስ ይውሰድ። የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ደረሰኝ የሚያወራርዱት ባንኮች ደግሞ አዋጁን መጠበቅ የለባቸውም። የሚከፍሉት አሁን ሰው ከታመመ በኋላ ነው፤ የሰው ሀብት ክፍሎቻቸው ካለፉት አምስት ዓመታት ደረሰኞች ውስጥ የስትሮክ፣ የልብና የኩላሊት እጥበት የሆኑትን ለይተው ቢደምሩ፣ ግፊት መለኪያና ክኒን ለመግዛት የዳይሬክተሮች ቦርዱን ለማሳመን ሌላ ጥናት አያስፈልጋቸውም።