የድመት ግልገሎች ለምን ተቃቅፈው ይተኛሉ?

አዲስ የተወለደ የድመት ግልገል ክብደት 100 ግራም ያህል ነው። እናቱ 4 ኪሎ ግራም ብትመዝን 40 እጥፍ ትበልጠዋለች ማለት ነው። ሙቀት የሚመነጨው በሰውነት ውስጥ፣ የሚባክነው ግን በቆዳ በኩል ነው። ቅርጻቸው ተመሳሳይ ነው ብንል፣ ግልገሉ ከክብደቱ አንጻር ለቅዝቃዜ የሚያጋልጠው የቆዳ ስፋት የእናቱን 3.4 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ግልገሎቹ ተቃቅፈው የሚተኙት የተጋለጠውን ስፋት ለመቀነስ ነው።

የሲሚንቶ ወለል ሙቀትን በንክኪ ስለሚወስድ፣ እናቲቱን ከነግልገሎቿ ነፋስ በማይገባበት ካርቶን ውስጥ፣ በወፍራም ጨርቅ ላይ እናስተኛቸው። የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን በአንድ ጥግ ብቻ ብናኖር፣ ሙቀት የበዛበት ግልገል ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ያገኛል።

የቀዘቀዘ ግልገል ስናገኝ ለማብላት አንቸኩል። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ የአንጀቱ ሥራ ስለሚዳከም ወተቱ ሳይፈጭ ይቀራል፤ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። አስቀድመን በገላችን ሙቀት ቀስ በቀስ እናሙቀው፤ ከዚያም ወደ እናቱ ጡት እንመልሰው። ለእናቲቱም ምግብና ውሃ እናብዛላት፤ የሁሉም ሙቀት ምንጭ እርሷ ናትና።