የበጋ ትራውት በማዲሰን ወንዝና በሄብገን ሐይቅ፦ ተረትና እውነታ

በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች፣ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚፈስሱት የፋየርሆልና የጊቦን ወንዞች ተገናኝተው ማዲሰን የተባለውን ወንዝ የሚመሠርቱ ሲሆን፣ ማዲሰንም ከፓርኩ ወጥቶ ወደ ሞንታና ግዛት ሲዘልቅ በግድብ ተይዞ ሄብገን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይሞላል። እነዚህ ውሃዎች የታወቁት ትራውት በተባለው፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ በሚወድድ የዓሣ ወገን ነው፤ ትራውት ከሚጠመድባቸው ዘዴዎች ስመ ጥሩ ደግሞ ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር ተሠርቶ በመንጠቆ ላይ በሚታሰር ሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ሲሆን፣ ዝንቡ ክብደት አልባ ሊባል የሚችል በመሆኑ ወደ ውሃው የሚወነጨፈው በራሱ ሳይሆን በማጥመጃው ወፍራም ገመድ ክብደት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስላለው የአካባቢው በጋ በአጥማጆች ዘንድ ከሚነገሩት አስተያየቶች ብዙዎቹ አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ የአየሩን ጠባይ የውሃው ጠባይ አድርገው ይወስዱታል።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር የሰደደው፣ ቀትሩ አልፎ አየሩ ሲበርድ ማምሻው ለዓሣውም ለአጥማጁም ይመቻል የሚለው እምነት ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሲወርድበት የዋለ ወንዝ ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ሲሆን፣ በአጥማጁ ፊት ላይ ነፋሻ አየር ሲነፍስ እንኳ ዓሣው ገና በዕለቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው። ሙቀቱ የሚጎዳውም በሁለት ወገን ነው፦ በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊሟሟ ሲችል በ20 ዲግሪ ግን መጠኑ ወደ 9 ይወርዳል፣ ሄብገን በሚገኝበት 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከዚህም በአምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ሰውነቱ በውሃው ሙቀት የሚመራው ትራውት ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ኦክስጅን እየጨመረ ይሄዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ዓሣው ይጨነቃል፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። የሞንታና ባለሥልጣናት በሙቀት ጊዜ በተመረጡ ወንዞች ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሥራ መልስ ወደ ወንዝ መውረድ የለመደን ሰው ደንቡ ቅር ቢያሰኘውም፣ ሰዓቱ የተመረጠው በውሃው እንጂ በአጥማጁ ምቾት አይደለም። ውሃው ይበልጥ የሚቀዘቅዘው ጎሕ ሲቀድድና ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ ነው።

በአንድ ሰማይ ሥር ያሉ ወንዞች አንድ ዓይነት ናቸው የሚለውም ግምት በፋየርሆል ላይ ይፈርሳል። ይህ ወንዝ ጋይዘር ተብለው በሚጠሩት፣ ፍል ውሃን ከመሬት ውስጥ እየገፉ ወደ ላይ በሚረጩ ምንጮች መካከል ስለሚያልፍና የእነርሱን ውሃ ስለሚቀበል፣ በበጋ መጀመሪያ መልካም የነበረው ማጥመጃ ሐምሌ ሲጋመስ ለትራውት የማይመች ይሆናል፤ ዓሦቹም ወደ ቀዝቃዛ ገባሮች ይሸሻሉ። በእነዚያ ገባሮች አፍ ላይ ተጨናንቀው የሚታዩትን ዓሦች እንደ ሲሳይ የሚቆጥር አጥማጅ የሚያጠቃው መጠጊያ ፍለጋ የመጣን ስደተኛ መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል። ፋየርሆል መልሶ የሚያገግመው ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ በመስከረም ነው።

የነፍሳቱ መፈልፈልም በቀን መቁጠሪያ የሚመራ አይደለም። ሳልመንፍላይ የተባለው ትልቅ የውሃ ነፍሳት፣ በእጭነት ዘመኑ በወንዙ ድንጋዮች መካከል ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ ከሄብገን ግድብ በታች ባለው ማዲሰን ብዙውን ጊዜ በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ቀኑን ሳይሆን የውሃውን መሞቅ በመሆኑ ሂደቱ ከታችኛው ወንዝ ተነሥቶ ቀን በቀን ወደ ላይ ይጓዛል። ነፋስ ዓሣ ማጥመድን ያበላሻል መባሉም በነሐሴ ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ውርወራውን ቢያስቸግርም ከዳር ሣር ላይ ፌንጣውን አንሥቶ ወንዙ ላይ የሚጥለው እርሱ ነውና።

ሐይቁን በተመለከተ፣ በበጋ ትራውት ሁሉ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ ከላይ መጣል ከንቱ ነው ይባላል። ሞቃት ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ መንሳፈፉ፣ ቀዝቃዛውም ከታች መቅረቱ እውነት ነው፤ ይሁንና በሄብገን ጥልቀት በሌላቸውና የውሃ ሣር በበዛባቸው ዳርቻዎች፣ ነፋስ በሌለበት የሐምሌና የነሐሴ ጠዋት፣ ሜይፍላይ የሚባሉት ቀጫጭን ነፍሳት እንቁላላቸውን ጥለው በውሃው ፊት ላይ ሲረግፉ፣ ትልልቅ ትራውቶች እየቀዘፉ አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል። ዓሣው አንድ ቦታ ስለማይቆም ዝንቡ የሚጣለው ዓሣው ባለበት ላይ ሳይሆን በሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ነው። ይህም የሚቆየው ረፋዱ ላይ ነፋሱ እስኪነሣ ድረስ ነው።

የተያዘን ዓሣ መልሶ መልቀቅ ጉዳት የለውም የሚለው አባባል ይበልጥ የሚስማማው ለቀዝቃዛ ውሃ ነው። በሞቀ ውሃ ረጅም ጊዜ የታገለ ትራውት በጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይከማችበታል፤ ከውሃ ወጥቶ ፎቶግራፍ ሲነሣ ደግሞ ስንጥቦቹ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚስብባቸው አካላት፣ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ በዚህ የተነሣ ቀዝፎ የሄደው ዓሣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ጥርስ የሌለው መንጠቆ፣ የረጠበ እጅና አጭር ትግል አደጋውን ይቀንሱታል እንጂ አያስቀሩትም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ለተለቀቁት ትራውቶች በቀጥታ አይሠራም፤ በእነዚያው ወራት ባሌ ላይ ዝናብ ስለሚበረታ አጥማጁን የሚፈትነው የውሃው ሙቀት ሳይሆን ሙላቱና ድፍርስነቱ ነው።