የዘር ውርስ አማካሪ በቤተ ሰብ መካከል

በቆጵሮስ ደሴት ከሰባት ሰው አንዱ ያህል ታላሴሚያ የተባለውን የደም ደዌ በዘሩ ይዞ ይኖራል። ራሱ ጤነኛ ነውና አያውቀውም። ደዌው የሚገለጠው እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ተጋብተው ልጅ ሲወልዱ ነው። የታመመው ልጅ የራሱ ደም ስለማይበቃው በየጥቂት ሳምንቱ የሌላ ሰው ደም ይሰጠዋል፤ ከዚህም የተነሣ ብረት በልቡና በጉበቱ እንዳይከማች ሌላ መድኃኒት ይወስዳል።

ይህ በታወቀ ጊዜ በቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ከማን ወገን መጣ?» የሚል ነው። የባል ዘመዶች ወደ ሚስት፥ የሚስት ዘመዶች ወደ ባል ይመለከታሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወቀሳው በእናቲቱ ላይ ይወድቃል። የአማካሪው ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

አማካሪው የትውልዳቸውን ሐረግ በወረቀት ላይ ይሥላል፤ ወንዱን በአራት ማዕዘን፥ ሴቲቱን በክብ ያመለክታል። እስከ ሰባት ቤት ለምንቆጥር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን በቆጵሮስ ምንም የማይዛመዱ ሰዎች ይህንኑ ደዌ በዘራቸው ሊይዙ ይችላሉና ቤት መቁጠር ብቻ አያድንም፤ ደምን ማስመርመር ያሻል። ከዚህ በኋላ ልጁ ደዌውን ከአባትም ከእናትም እኩል እንደ ወረሰ፥ እናቲቱ በእርግዝናዋ የበላችው ወይም የሠራችው ሁሉ ምክንያት አለመሆኑን ያስረዳቸዋል።

በየእርግዝናው ታማሚ የመውለድ ዕድል ከአራት አንድ እጅ ነው። ይህን የሰሙ ወላጆች «እንግዲያስ የሚከተሉት ሦስቱ ጤነኞች ይሆናሉ» ብለው ይጽናናሉ። አማካሪው ይህን ተስፋ ማፍረስ ግድ ይሆንበታል፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላልና። ለታመመው ልጅም በዕድሜው መጠን ይነግረዋል፤ «እኔ ስለ ምን ዳንሁ?» እያለ በልቡ የሚያዝነውንም ጤነኛ ወንድም አይዘነጋውም።

ለዚህ ሥራ ስም ያወጣለት ሼልደን ሪድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1947 ነበረ። በ1969 ደግሞ በኒውዮርክ አጠገብ ባለው በሣራ ሎረንስ ኮሌጅ ሥራው በትምህርት ይሰጥ ጀመረ። አማካሪ ያስረዳል እንጂ አይፈርድም።

በቆጵሮስም ከ1983 ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሙሽሮችን ከማጋባቷ በፊት የምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች። ወረቀቱ መመርመራቸውንና መመከራቸውን ብቻ ይናገራል፤ በደማቸው የተገኘውን ግን ካህኑ አያነብም። መጋባት አለመጋባቱ የሁለቱ ፈቃድ ነው።