ሞተሩ ተነሣ ማለት መኪናው ለጉዞ ደረሰ ማለት አይደለም

በሚኒሶታና በመሳሰሉት ብርዳም የአሜሪካ ግዛቶች የምንኖር ብዙዎቻችን ለገናና ለጥምቀት ሀገር ቤት ስንሄድ መኪናችንን ሁለት ሦስት ወር አቁመን እንሄዳለን። ስንመለስ ጸደይ ይገባል፣ ፋሲካም ይቃረባል። ያን ጊዜ ቤተሰብ ጭኖ ከሚኒያፖሊስ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ 1,100 ማይል ያህል መንዳት የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ መንገድ በፊት ግን የአብዛኛው ሰው ምርመራ አንድ ብቻ ነው፤ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩ መነሣቱን ማየት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፈተና ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ነው።

የቆመ መኪና ያረፈ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ብረቱ ይዝጋል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ባትሪው ይደክማል፣ የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ይስባል። ከነዚህ ውስጥ የትኛው ይቅደም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ሞተር እምቢ ቢል ደጃፍ ላይ ያስቀረናል። ፍሬን እምቢ የሚለው ግን በ70 ማይል ፍጥነት ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው መኪናውን ከሚያቆመው ክፍል ተጀምሮ ወደሚያስነሣው መሄድ አለበት።

1. ፍሬን

ዲስኩ ላይ የሚታየው ስስ ቀይ ዝገት አያሳስብም፤ በዝግታ እየነዱ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ሸራው ይጠርገዋል። የሚያሳስበው የማይታየው ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፉትን የብረት የፍሬን ቱቦዎች ይበላቸዋል። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ የቆዩ መኪኖች ባለቤቶች የመኪናቸውን ሥር እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስመረምሩ መክሯል። ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በርቶ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ግማሽ ደቂቃ መያዝ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ከሰመጠ ወይም ከሥር እርጥበት ከታየ፣ ያ መኪና ወደ መካኒክ የሚሄደው ተጎትቶ ነው።

የፍሬን ዘይቱም ዕድሜ አለው። በመመዘኛው መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ለሳበ ዘይት ግን ይህ ወለል ወደ 140 ይወርዳል። በፔንሲልቬንያ ተራሮች ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ ፍሬን ሲደጋገም ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያደርስም፤ ፔዳሉ ባዶውን ይረገጣል። ዘይቱን በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ማስለወጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

2. ጎማ

የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በቀነሰ ቁጥር የጎማው ግፊት 1 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ጎማ በየወሩ በራሱ ጥቂት ይተነፍሳል። ግፊቱ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዱ ነው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ሲሽከረከር ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያግለዋል፤ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት ሽፋኑ ተገንጥሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ዕድሜውንም ማንበብ ይቻላል። ‹ዶት› ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ከሚገኙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1419 ማለት የ2019 14ኛ ሳምንት ነው። ብዙ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከ6 ዓመት በኋላ ይለወጥ ይላሉ። ስኮርታውንም አይርሱ። ትንሹ ዓይነት ስኮርታ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ይፈልጋል።

3. ባትሪና ሞተር

በሚገባ የተሞላ ባትሪ ሳይነካ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ባዶ ባትሪ ደግሞ በሚኒሶታ ብርድ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ያበጠ ወይም የበረደ ባትሪ ሊፈነዳ ስለሚችል ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ በመበደር ለማስነሣት ፈጽሞ መሞከር አይገባም።

ለጓደኛ የምንሰጠው ‹በየሳምንቱ አስነሣልኝ› የሚለው አደራም በደግነት የተሞላ ስሕተት ነው። ሞተሩ ዐሥር ደቂቃ ቆሞ ቢሠራ በቅጡ አይሞቅም፤ ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፤ ባትሪውም ለማስነሣት ያወጣውን ያህል ላይመለስለት ይችላል። ጓደኛ ከተገኘ ግማሽ ሰዓት ይንዳው፤ ካልተገኘ ባትሪውን መፍታት ይሻላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት ግን ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ከማስነሣት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ማየትም ያስፈልጋል። አይጥ በብርድ ወራት ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም።

4. የሙከራ ጉዞ

ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ 30 ወይም 40 ማይል መንዳት ይገባል። ቆሞ በመክረሙ ቅርጹ የተበላሸ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንቀጠቅጣል፤ ሲሞቅ ካልተወው ጎሚስታ ይየው። ሲመለሱ ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር መኖሩን፣ ከቸርኬዎቹ አንዱ ከሌሎቹ በተለየ መጋሉን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የጋለው ፍሬኑ ነክሶ የቀረ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ያልኩት የተገኘውን ጉድለት ለማስጠገን ጊዜ እንዲተርፍ ነው። በዋዜማው የተገኘ ጉድለት ብዙ ጊዜ ‹እስክንመለስ ይቆይ› ይባላል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህች ቃል ነው።

አባቶቻችን ‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ› ይላሉ። ከላይ የተዘረዘረው በአብዛኛው የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ከኋላ ወንበር ተኝተው የሚሄዱት ልጆች ፍሬኑንም ጎማውንም አያውቁም፤ የሚያምኑት መሪ የጨበጠውን ሰው ነው።

መልካም መንገድ!