ብርሃነ ሔዋን፦ ልጃገረዶች፣ አማካሪዎችና አንዲት በግ

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚወስደው የአዴት መንገድ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ያደርሳል። አዴትን ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ከወረዳው የገጠር ቀበሌዎች አንዷ የሆነችው ሞሰቦ ግን ያለዕድሜ ጋብቻን በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ከኢትዮጵያም ውጭ ስሟ የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብርሃነ ሔዋን የተባለው መርሐ ግብር የተጀመረው እዚያ ነበር። የአማራ ክልል የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ፖፑሌሽን ካውንስል ከተባለው የምርምር ድርጅት ጋር ሆኖ ያካሄደው ይህ ሥራ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን፣ ያገቡትንም ያላገቡትንም፣ በቡድን እየሰበሰበ ፊደል፣ ስሌት፣ የጤና ዕውቀትና በዘመኑ አነጋገር የሕይወት ክህሎት የሚባለውን ያስተምር ነበር።

በዚያ ጊዜ በክልሉ ገጠር ሴት ልጅ የምትዳርበት ዕድሜ ከአገሪቱ ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። የ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከነበሩት የክልሉ ሴቶች ከግማሽ በላዩ የተዳሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሕጉ ከዚህ በጣም ርቆ ሄዶ ነበር። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመትን ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረሰው፤ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ይሁንና የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ገጠር ዕድሜ የሚነገረው በአባት አፍ ነበር። አባት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ካለ የሚሞግተው አልነበረም።

አባትና እናት ልጃቸውን በለጋነቷ የሚድሯት ጠልተዋት አይደለም። ይህን ሳይረዳ ስለ ጉዳዩ የሚናገር ሰው ገበሬውን ማሳመን አይችልም። ሳይሞቱ ወግ ማዕረጓን ማየት ይፈልጋሉ። ከደህና ቤተሰብ ጋር መዛመድ ይፈልጋሉ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመንገድ አንድ ነገር ቢደርስባት፣ ወይም ስሟ በመንደሩ ቢነሳ፣ ጠያቂ አጥታ ቆማ እንዳትቀር ይፈራሉ። ድግስም ወጪ አለው፤ ለታላቋ በተጣለው ዳስ ታናሿንም አብሮ መዳር ለኪስ ይቀላል። እንዲህ ሲሆን ልጅቱን የሚጠይቃት የለም። በዚያው ዘመን በክልሉ በተደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ ያገቡ ልጃገረዶች ባላቸውን ከሠርጉ በፊት እንደማያውቁት ተናግረዋል።

ብርሃነ ሔዋን የገባው በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር በጣም ተራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሥራው ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ከአካባቢው ዐዋቂ ሴቶችን መርጦ አማካሪ አደረገ። ልጃገረዶቹን የሰበሰበቻቸው፣ የመራቻቸውና የተከታተለቻቸው አማካሪዋ ነበረች። ከከተማ የመጣ ሠራተኛ የማያገኘውን በር ታገኛለች፤ ከእናቲቱ ጋር ትተዋወቃለች፣ ምናልባትም ትዛመዳለች። «ልጅሽን ላኪልኝ፣ እኔ ጋ ናት» ስትል ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሆነ እናት ታውቃለች። በገጠር ቤት ልጃገረድ ያለ ሥራ የምትቀመጥበት ሰዓት የለም፤ ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ታናናሾች አሉ። ለስብሰባ የምትወጣበት ሰዓት ከቤቱ ሥራ የሚቀነስ ነው። ያንን ሰዓት ከእናት ለምኖ ማውጣት የአማካሪዋ የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ያላገቡት ልጃገረዶች በሳምንት 5 ጊዜ ይገናኙ ነበር። ያገቡት ግን ጓዳው ስለሚይዛቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ። በትምህርት ገበታ ላይ ላሉት ደብተርና እስክሪብቶን የመሰለ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸው ነበር፤ ወደ ትምህርት መመለስ የሚፈልጉትም እንዲችሉ ይታገዙ ነበር። ትምህርት ቤት ላልደረሱት ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት ከመጀመሪያው ይጀመርላቸው ነበር፤ መተዳደሪያ የሚሆን ሥራም ይጨመርበት ነበር።

የሕይወት ክህሎት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ስለ ጥሩ ጠባይ የሚሰጥ ስብከት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1990ዎቹ ባሳተመው መመሪያ ግን ነገሩ ሥራ እንጂ ስብከት አይደለም፦ መወሰን፣ ችግርን መፍታት፣ ነገርን መመርመር፣ ሐሳብን በግልጽ መናገር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ንዴትንና ጭንቀትን መቋቋም። እነዚህ እንደ ግጥም በቃል ተይዘው የሚመጡ አይደሉም፤ መለማመድ ይፈልጋሉ። ስለዚህም እንዲህ ያለ ትምህርት ባለበት ሁሉ የተለመደው ዘዴ ማስመሰል ነው። አንዷ አባት ትሆናለች፣ አንዷ ልጅ። ልጅቱ «አባየ፣ ስምንተኛን ልጨርስ፤ ከዚያ ያሉትን እሰማለሁ» ማለትን ትሞክራለች። መጀመሪያ ላይ ድምፅ አይወጣትም። በታላቅ ፊት ቀና ብሎ መናገር ነውር እንደሆነ እየተነገራት ያደገች ልጅ አባቷን ሳትዳፈር አሳቧን የምታስረዳበትን መንገድ ማግኘት አለባት፤ ይህ ደግሞ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ጓደኞቿ ያዩላታል፣ ያርሟታል፣ ቃሉን ያለሰልሱላታል። አማካሪዋ አባቶችን ስለምታውቅ የቱ ቃል እንደሚያስቆጣ የቱ እንደሚያራራ ትነግራቸዋለች።

በዚህ ላይ የጓደኛ ጉዳይ አለ። በገጠር ወንዶች ልጆች ከብት ሲጠብቁ አብረው ይውላሉ። ከትምህርት የቀረች ልጃገረድ ግን ጎረቤቷ ያለችውን እኩያዋን እንኳ የምታገኛት በምንጭ መንገድ ነው። ብትዳር ደግሞ መንደሯን ትታ ወደ አማቶቿ ትሄዳለች። የሆነባትን የምትነግረው፣ ብትታመም የሚያስታምማት፣ ብትፈራ የምትሸሸግበት ሰው ማጣት ከፊደል ማጣት አያንስም። ቡድኑ ያንን ሰው ይሰጣታል።

ልጅቱ ብቻዋን ደፋር ብትሆን ግን ቤተሰቡ ይሰበርባታል እንጂ ሐሳቡን አይለውጥም። ስለዚህ በሞሰቦ ከቡድኖቹ ጎን የማኅበረሰብ ውይይት ይካሄድ ነበር። የጋብቻን ዕድሜና የእናትነትን ጤና አዋቂዎች ተቀምጠው ተወያዩበት። አንድ አባት ልጁን ሳይድር ሲቆይ ከጎረቤት የሚደርስበትን ሐሜት የሚያስቆመው ጎረቤቱ ራሱ ሐሳቡን ሲለውጥ ነው።

በጓ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስብሰባውን በትጋት ተከታትላ መርሐ ግብሩ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ሳታገባ የቆየች ልጃገረድ፣ ስትመረቅ ለእሷና ለቤተሰቧ አንዲት እንስት በግ ትሰጥ ነበር፤ ዋጋዋ በጊዜው 20 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ይህን የጉቦ ያህል አድርገው የሚነቅፉ አሉ። እኔ እንዲያ አላየውም። ልጁን ያቆየ አባት በእርግጥ አንድ ነገር አጥቷል፤ ዝምድናውን አዘግይቷል፣ ሐሜቱን ተሸክሟል፣ የዳሱን ወጪ ወደፊት ገፍቷል። ወላጅ ብቻውን ከሚሸከመው ከዚህ ዕዳ ጥቂቱን መጋራት ተገቢ ነው። ደግሞም እንስት በግ ትወልዳለች፤ ሳትዳር የቆየች ልጅ ለቤቱ ጥሪት እንዳመጣች መንደሩ ሁሉ ያያል።

ሁለቱ ዓመታት ካለቁ በኋላ አጥኚዎቹ ሞሰቦን ከዚያው ወረዳ ከእናምርት ቀበሌ ጋር አወዳደሩ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ የሞሰቦ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው በጥናቱ ስሌት የእናምርቶቹን 3 እጥፍ ነበር፤ የማግባት ዕድላቸው ደግሞ አንድ አሥረኛ። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ያላቸው ዕውቀትና የጓደኞቻቸው ቁጥር ጨምሯል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀምም እንደዚሁ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ውጤቱ ተገላበጠ፤ በሞሰቦ ያገቡት በዝተው ተገኙ። መርሐ ግብሩ ታናናሾቹን ሲጠብቅ፣ ጋብቻውን ያሸጋገረው ወደ ታላላቆቹ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሕጉ 18 ስለሚል ይህ አያስደስትም፤ 12 ዓመት ላይ ከመዳር 16 ላይ መዳር ግን ለአንዲት ልጅ አካል ትልቅ ልዩነት አለው። ይህን ውጤት ሳይደብቁ ያሳተሙትን አጥኚዎች አከብራቸዋለሁ፤ ለሥራው የሚረዳው ጥያቄ የተወለደው ከዚያ ነውና።

ያገቡት ልጃገረዶች ጉዳይ ሌሎች ሁለት መርሐ ግብሮችን በክልሉ አስከትሏል። መሠረተ ሕይወት የተባለው ያገቡ ልጃገረዶችን ብቻ በቡድን ያሰባሰበ ሲሆን፣ አዲስ ብርሃን ደግሞ ባሎቻቸውን በራሳቸው ቡድን ሰበሰበ። ለውጡ ከሁሉ የበረታው ባልም ሚስትም በየቡድናቸው በተሳተፉበት ቤት ነው፤ ባሎች በቤት ሥራ ማገዝ ጀመሩ፣ ጥንዶች ለኤች አይ ቪ ምርመራ አብረው ሄዱ። ሚስት ብቻ ብትሠለጥን የተማረችውን የምትፈጽመው በማን ፈቃድ ነው?

ከድግስ ያመለጡት ደግሞ ከተማ ይገባሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ከገጠር ብቻቸውን የመጡ ናቸው፤ ጋብቻን ሸሽተው የመጡም አሉባቸው። በ2006 የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለው መርሐ ግብር የሚፈልገው እነሱን ነበር። አማካሪዎቹ በድሃ ሰፈሮች ከቤት ቤት እየዞሩ ከትምህርት የራቁትን ይመዘግቡ ነበር፤ ከአሠሪዋ ጋር ተነጋግረው ልጅቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንድትወጣ ያስፈቅዱ ነበር። ከሞሰቦ አማካሪ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ሰዓቱን ለምኖ ማውጣት።

በ2010ዎቹ የብርሃነ ሔዋን ክፍሎች በአማራ ክልል አንድ በአንድ ተነጣጥለው ተፈተኑ፤ ተመሳሳይ ሙከራ በታንዛኒያና በቡርኪና ፋሶም ተደርጓል። በአንዱ አካባቢ የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ፣ በሌላው የትምህርት መሣሪያ ብቻ፣ በሌላው ደግሞ ሳታገባና ትምህርቷን ሳታቋርጥ ለቆየችበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ዶሮ ብቻ። በአንድ ሌላ አካባቢ ሦስቱም በአንድ ላይ ተሰጡ። ከ12 እስከ 14 ላሉት የደብተርና የእስክሪብቶ ድጋፍ ብቻውን ያለዕድሜ ጋብቻን በ94 በመቶ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ላሉት ግን ደብተር አልበቃም፤ ለእነሱ የሠራው የዶሮው ስጦታ ሲሆን ጋብቻውን በግማሽ ቀንሷል፤ ሦስቱም በአንድ ላይ በተሰጡበት ደግሞ ቅነሳው ከዚያም በልጧል። ዕድሜዋ ከፍ ባለ መጠን በቤተሰቡ ላይ የሚመጣው ጫና ስለሚጨምር፣ ለታላላቆቹ ለወላጅ የሚደርስ ነገር መጨመር ግድ ነው። ለልጃገረዶች ሥልጠና በጀት የሚመድብ ማንም ሰው ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ዓይነት ድጋፍ ከማጠቃለሉ በፊት ይህን ውጤት ቢያየው እወዳለሁ።