በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ኩባንያ ማቋቋም አለበት? ከመመዝገብዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት የግራፊክስ ባለሙያን እናስብ። ሥራዋን አጠናቃ አስረክባለች፤ ያሠራት ድርጅትም ወዶታል። ክፍያዋን ስትጠይቅ ግን የድርጅቱ የፋይናንስ ክፍል የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እና ደረሰኝ እንድታቀርብ ይነግራታል። ሦስቱም የሏትም። ያላት አማራጭ ፈቃድ ያለው ሰው ፈልጋ በእርሱ ስም ክፍያውን መቀበል፣ አሊያም ገንዘቡን መተው ይመስላል።

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በትርጉም፣ በሶፍትዌር ሥራ፣ በቪዲዮ ቅንብር እና በማማከር የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች ይህ ችግር ያጋጥማቸዋል። መፍትሔው መመዝገብ ነው። በምን መልክ መመዝገብ እንደሚሻል ግን ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ድርጅቶች ፈቃድ የሚጠይቁት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የግብር ሕጉ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ድርጅቶች አገልግሎት ሲገዙ ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ፈቃድ እና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካቀረበ ሰው የሚቀነሰው 2 በመቶ፣ ካላቀረበ ሰው ደግሞ 30 በመቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ የጸደቀው ማሻሻያ በግብር ተመኖች ላይ ለውጥ አድርጓል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ያልተመዘገበ ሰው ከተመዘገበው የበለጠ ያጣል።

ለደንበኛው ድርጅትም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ሰብሳቢው ዘንድ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ደረሰኝ ከሌለው ባለሙያ ጋር አለመሥራትን ይመርጣሉ።

ግለሰብ ነጋዴ ወይስ ኩባንያ?

በኢትዮጵያ ብቻውን የሚሠራ ሰው በዋናነት ሁለት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ነው። ሂደቱ አጭር ነው፤ መመሥረቻ ጽሑፍም አያስፈልገውም። ነገር ግን በሕግ ፊት ባለቤቱና ንግዱ አንድ ናቸው። ሥራው ዕዳ ካመጣ አበዳሪው የባለቤቱን ቤት፣ መኪና እና የግል የባንክ ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። በዚህም ምክንያት ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን ወይም የጓደኛቸውን ስም በባለድርሻነት ማስገባታቸው የተለመደ ነበር። መዋጮ ያላደረገው ባለድርሻ ከጊዜ በኋላ መብቱን ሲጠይቅ፣ ወይም ሲሞት ወራሾቹ ሲመጡ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚደርስበት አጋጣሚም ይፈጠራል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ለውጧል። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መሥራቹ ቢሞት ወይም በሕግ ፊት ችሎታ ቢያጣ በቦታው የሚተካ ሰው አስቀድሞ መሰየም ይጠበቅበታል።

ኩባንያ ማለት ሙሉ ጥበቃ ማለት ነው?

አይደለም። ጥበቃው የሚሠራው ባለቤቱ የኩባንያውን ገንዘብ ከግል ገንዘቡ ለይቶ ከያዘ ነው። የደንበኛ ክፍያ በግል ሒሳብ የሚገባ ከሆነ፣ የቤት ኪራይም ከኩባንያው ሒሳብ የሚከፈል ከሆነ፣ ክርክር ሲነሳ ባለቤቱ በግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። ባንክ ለኩባንያው ሲያበድርም አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን የግል ንብረት በመያዣነት ይጠይቃል። እንዲህ ባለው ብድር ላይ የኩባንያው ኃላፊነት መወሰኑ ለባለቤቱ ብዙም አይጠቅመውም።

ግብሩ ላይ ያለው ልዩነት

ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ይህንን ነው። ግለሰብ ነጋዴ ግብር የሚከፍለው ትርፉ ከፍ ባለ ቁጥር እያደገ በሚሄድና እስከ 35 በመቶ በሚደርስ ተመን ነው። ዝቅተኛው የትርፍ እርከን ከግብር ነጻ ነው። ኩባንያ ግን ከመጀመሪያዋ ብር ትርፍ ጀምሮ 30 በመቶ ይከፍላል። ቀሪው ትርፍ ለባለቤቱ ሲከፋፈልም የትርፍ ድርሻ ግብር አለበት።

ከዚህ በተጨማሪ ኩባንያ ገቢው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የደረጃ ‘ሀ’ ግብር ከፋይ ነው። ስለዚህ የሒሳብ መዝገብ መያዝ እና የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር ግድ ይሆንበታል። አነስተኛ ገቢ ያለው ግለሰብ ነጋዴ ግን ቀለል ባለ አሠራር ሊስተናገድ ይችላል።

በጥቅሉ ሲታይ ገቢው አነስተኛ ለሆነና ለከባድ ዕዳ ለማይጋለጥ ጀማሪ የግለሰብ ፈቃድ ይቀለዋል። ትልልቅ ውሎችን ለሚፈርም፣ ሠራተኛ ለሚቀጥር ወይም አጋር ለማስገባት ለሚያስብ ደግሞ ኩባንያው ወጪውን ሊያካክስ ይችላል።

ምዝገባው ምን ይጠይቃል?

የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ምዝገባና ፈቃድን በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። የንግድ ስም ማጣራት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ለኩባንያ ደግሞ መመሥረቻ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከዋና ዋናዎቹ እርምጃዎች መካከል ናቸው።

ከመኖሪያ ቤቱ ለሚሠራ ሰው አስቸጋሪው የአድራሻ ጉዳይ ነው። የኪራይ ውል ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ሲጠየቅ አከራዩ ውል ለመስጠት ፈቃደኛ ላይሆን ይችላል። የሥራ መስክ መምረጥም ጥንቃቄ ይሻል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዘርፍ በመሆኑ፣ በሶፍትዌር ፈቃድ ለማስታወቂያ ሥራ ደረሰኝ መቁረጥ ችግር ያስከትላል። አንዳንድ መስኮችም የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

በኬንያስ?

በኬንያ የ2015ቱ የኩባንያዎች ሕግ በአንድ ሰው የሚቋቋም የግል ኩባንያን ይፈቅዳል። ምዝገባው ‘ኢ-ሲቲዝን’ በተሰኘው የመንግሥት ድረ ገጽ ይከናወናል። ኩባንያ ያልፈለገ ሰው የንግድ ስም ብቻ ማስመዝገብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ዕዳው የግሉ ነው።

እዚያም ደረሰኝ ወሳኝ ነው። ከአውሮፓውያኑ ጥር 2024 ጀምሮ ‘ኢ-ቲምስ’ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ያልተደገፈ የንግድ ወጪ በመርህ ደረጃ ከግብር አይቀነስም። በመሆኑም ድርጅቶች ይህን ደረሰኝ ከትናንሽ አገልግሎት ሰጪዎች ጭምር ይጠይቃሉ።

አሜሪካ ውስጥ ኩባንያ መክፈትስ?

ከውጭ ደንበኞች ክፍያ መቀበል የከበዳቸው ባለሙያዎች ባሉበት ሆነው በዴላዌር ወይም በዋዮሚንግ ግዛት ኤልኤልሲ የተሰኘውን ኩባንያ ለመክፈት ያስባሉ። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ግዴታዎች ግን አሉት። ባለቤቱ የውጭ ዜጋ የሆነ እና በአንድ ሰው የተያዘ ኤልኤልሲ፣ ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን የገንዘብ ልውውጥ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። የአሜሪካ ግብር ባይኖርበት እንኳ ይህን አለማድረግ 25,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል።

በአገር ቤት ያለውም ግዴታ አይቀርም። የኢትዮጵያ ሕግ የአገሪቱ ነዋሪ ከየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል ያዛል። በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሬ ደንቦችም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ በተደጋጋሚ ስለተለወጡ፣ ዶላር ከመቀበል በፊት ባንክን መጠየቅ ይበጃል።

ሥራው ቢቆምስ?

ፈቃድ አውጥቶ ዝም ማለት አደገኛ ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የማደሻው ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሆኖ ቆይቷል። ገቢ ባይኖርም ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቅጥር ሥራ አግኝቶ ወይም ከአገር ወጥቶ ፈቃዱን የረሳ ሰው ከዓመታት በኋላ የተጠራቀመ ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል።

ሥራዎን ካቆሙ ፈቃዱን ይመልሱ፤ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆንዎን የሚያሳየውን ማስረጃም ተቀብለው ያስቀምጡ። በኋላ ሌላ ንግድ ለመክፈት ሲሄዱ ይህ ወረቀት መጠየቁ አይቀርም።