«ትንሽ ነካ ያደርገዋል»

ፍኖተ ሰላም ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ካርድ ከመክፈቴ በፊት ቤተሰቡ ሕመምተኛውን በምን ቃል እንደሚጠራው አዳምጣለሁ። እናት «ኧረ ሲስተር፣ ትንሽ ነካ ያደርገዋል እንጂ ደህና ነው» ትላለች። አብሮ የመጣው ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወፈፌ ነው» ይላል፤ አንድ ሰሞን ደህና ይሆንና አንድ ሰሞን ይነሣበታል ማለቱ ነው። «ጨርቁን ጥሏል» ከተባለ ግን ነገሩ ከርሟል፤ ብዙውን ጊዜ ግሽ ዓባይ ጠበል ሰንብቶ ነው ወደኛ የሚመጣው። የባጃጅ ልጆች «ብሎኑ የላላ» ይላሉ። እሱ እንኳ አያስቀይመኝም፤ የላላ ይጠብቃል። የማልወደው «አማኑኤል» የሚለውን ስድብ ነው። የአዲስ አበባው ሆስፒታል ስም መሰደቢያ በመሆኑ ሪፈር ስንጽፍ «ልጄን አማኑኤል!» ብለው ወረቀቱን የሚመልሱ አሉ።

እንደ «አብሾ አለበት» የሚያደክመኝ ግን የለም። ቃሉ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ የቆሎ ተማሪው ትምህርት እንዲገባው አብሾ ይጠጣ ነበር። ከሚገቡበት ዕፅዋት አንዱ በየቆሻሻው ጥግ የሚበቅለው አስተናግር ነው። ፍሬው አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው፤ የጠጣው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎች ስኮፖላሚንን የሚጠቀሙበት የማስታወስ ችሎታን ለማዳከም ነው። ትምህርቱ ዘልቆት ጠባዩ የተለወጠ ሊቅ ሲታይ «አብሾው ነው» ይባላል።

ዛሬ ግን የቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠውም፣ አረቄ ቀምሶ ከተደባደበ አብሾ አለበት ነው። ጥፋቱ የአብሾው ይሆንና የአረቄው መጠን ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ «ሳይጠጣ ተነሥቶበት ያውቃል?» እላለሁ። አብዛኞቹ ሚስቶች ይስቃሉ፤ «ሳይጠጣማ ምን ብሎ!»

አንዳንዷ ግን አትስቅም። «አዎ፣ ጠበል በገባ በ3ኛው ቀን። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን አየሁ ይላል» ትለኛለች። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አረቄውን በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ ሊገድለው ይችላል። ያን ጊዜ የአብሾውን ወሬ ትቼ አልጋ፣ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 አስፈልጋለሁ።